የዕጩው ግምገማ

በፍቃዱ ይዋሻል ብሎ የሚጠረጥር ሰው በጊዮርጊስ ዙሪያ አልነበረም። አምስት ኪሎ አካባቢ ባለ አንድ የግል ትምህርት ቤት የሥነ ዜጋ መምህር ነው፤ ተማሪዎቹ «ቲቸር እውነቱ» ይሉታል፣ ገሚሱ በአክብሮት፣ ገሚሱ ለሹፈት። አባቱ ወንጌላዊ ነበሩና በቤታቸው ከስርቆት ይልቅ ውሸት ያስገርፍ ነበር። ያ ነገር አብሮት አደገ። የልጅነት ጓደኛው ሰመረ ሽማግሌ ልኮ ሚስት ባስጠየቀ ጊዜ የልጅቷ አባት በፍቃዱን ለብቻው ጠርተው፣ ጓደኛህ ይጠጣል ወይ ቢሉት፣ «ቅዳሜ ቅዳሜ ይጠጣል» ብሎ መልሶ ሰርጉ ለጥቂት ነው የተረፈው። ሰመረ ይህን ታሪክ እያጋነነ ለማውራት ሰልችቶት አያውቅም።

ሰመረ ፒያሳ ውስጥ ከአባቱ የወረሳት ጠባብ ወርቅ ቤት አለችው። ከእናቱ ጋር በትግርኛ፣ ከደንበኛ ጋር በለሰለሰ አማርኛ፣ ከሰፈር ልጆች ጋር ደግሞ በአራዳ አፍ ያወራል። ተቃዋሚው የሕዝብ ቃል ፓርቲ ሲመሠረት ከመጀመሪያዎቹ አባላት አንዱ እሱ ነበር፤ ፓርቲው ለአራዳ ክፍለ ከተማ የሚያቀርበው የምክር ቤት ዕጩ ሲያጣም በፍቃዱን እጁን ይዞ ያስገባው እሱ ነው። ለኮሚቴው ሲያስተዋውቀው፣ «መዋሸት የማይችል ሰው አምጥቼላችኋለሁ፤ ከቻላችሁ እናንተ አስተምሩት» አለ። ሁሉም ሳቁ። ሊቀመንበሩ ጋሽ እምሩ ግን አልሳቁም። በፍቃዱን ከራስ ጸጉሩ እስከ ጫማው አዩትና የሚቀመጥበትን ወንበር በእጃቸው አመለከቱት።

ጋሽ እምሩ ሰባ ዓመት ያለፋቸው፣ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው የማያውቁ ሰው ናቸው። በሕይወታቸው ሦስት ፓርቲ አይተዋል፤ ሁለቱን ቀብረዋል። ሰው ሲናገር ዓይናቸውን ይጨፍናሉ፤ ተኝተዋል ሲባል ሰውየው ቀደም ብሎ የተናገረውን ቃል በቃል አንሥተው ይጠይቁታል።

በፍቃዱ ዕጩነቱን ወደደው። ሃያ ዓመት ጥቁር ሰሌዳ ፊት ቆሞ ሲያስተምር ግማሹ ክፍል ያንቀላፋበት ሰው፣ አሁን በሄደበት ሁሉ አዋቂዎች ዝም ብለው ያዳምጡት ጀመር። ሱፍ አሰፋ። ለፖስተር ፎቶ ተነሣ። ባለቤቱ ቆንጅት ፎቶውን ስታይ፣ ፊቱ የእሱ መሆኑን ዓይኑ ግን የሌላ ሰው እንደሚመስል ነገረችው፤ እሱም ፎቶ አንሺው ላይ አላከከ።

በዚያው ሰሞን የሰመረ እናት አደይ ለተኪዳን ግራ ጎናቸው አልታዘዝ አላቸው። በፍቃዱ በተማሪነቱ ከገዛ ቤቱ ይልቅ የሳቸውን ቤት ነበር የሚያዘወትረው፤ እንደ ሰመረ በትግርኛ «አደይ»፣ እናቴ፣ ብሎ እየጠራቸው ነው ያደገው። ሰፈራቸው ዶሮ ማነቂያ ለልማት ሲነሣ ሰዉ ወደየአቅጣጫው ተበትኖ፣ ለእሳቸው ከከተማው ዳር አራተኛ ፎቅ ላይ ምትክ ቤት ደረሳቸው። ሊፍት የለውም። በጤናቸው ጊዜ የተመደበ ቤት ነበርና ማንም ያን ጊዜ አላሰበበትም፤ ለጊዜው ሰመረ ዘንድ ቢቀመጡም እሱ ያለው በአንድ ክፍል ኪራይ ከሚስቱና ከልጆቹ ጋር ነበር። በምድር ቤት እንዲቀየርላቸው ሰመረ ብዙ ተመላለሰ። የሚሰማው አጣ።

መላውን ያመጣው በፍቃዱ ነው። ሄኖክ የሚባል ከሱ ጋር አንድ ቤተ ክርስቲያን የሚያመልክ የገዢው ፓርቲ አባል ነበር፤ ቤት በሚመለከት አንድ ቢሮ ውስጥ ኃላፊ ነው። በፍቃዱ ደወለለት። ሄኖክም ደግ ሰው ስለሆነ ጉዳዩ ሕጋዊ ነው፣ ሐኪም የጻፈው እስካለ ድረስ ይቻላል አለ። ፒያሳ አንድ ካፌ ውስጥ ተገናኙ። በፍቃዱ ሁለቱን አስተዋወቀ፣ ባንኮኒው ጋ ቆሞ ማኪያቶውን ጨለጠ፣ ክፍል ነበረውና ሄደ። ማታ ሰመረ ደውሎ ቤቱ ሊቀየር መሆኑን፣ እናቱም መርቀውት እንደማይበቃቸው ነገረው።

ግምገማው የተጠራው ከዚያ በኋላ ነው። ዕጩዎች ስማቸው ከመመዝገቡ በፊት በአባላት ፊት ቀርበው ይጠየቃሉ፤ ደንቡ እንዲህ ይላል። ቅዳሜ ከሰዓት ከጊዮርጊስ ዝቅ ብሎ ባለው የፓርቲው ጽሕፈት ቤት፣ ወለሉ በሚንቋቋው አዳራሽ አባላቱ ሞልተው ጠበቁት። ሰመረ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጧል። ከመድረኩ ጀርባ ለናሙና የታተመው የበፍቃዱ ፖስተር ተሰቅሏል። ሊቀመጥ ሲል ጋሽ እምሩ፣ «ቆመህ መልስ» አሉት፤ በዝግታ፣ ልክ ለእሱ ምቾት ያሰቡ ይመስል።

የምትጠይቀው አክበረት ናት። ጠበቃ ናት፤ የፓርቲው የድርጅት ጉዳይ ኃላፊ። በፍቃዱን ቀድሞ የገዢው ፓርቲ አባል ነበርክ ወይ ብላ ጠየቀችው፤ ነበርኩ አለ። ለምን እንደገባ ጠየቀችው።

«ለሁለተኛ ዲግሪ የሚላከው አባል ብቻ ስለነበር ነው።»

«አምነህበት አይደለም?»

«አይደለም።»

«ታዲያ መቼ ወጣህ?»

በፍቃዱ አሰበ። «ሁሉም ሲወጣ።»

ከኋላ አንዱ፣ «ይሄማ የታክሲ ተሳፋሪ ነው፤ ሰው ሲወርድ ይወርዳል» አለ። አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። አክበረት ሳቁ እስኪያልቅ ታገሠች። ከዚያ ስለ አባቱ ጠየቀችው፤ ከውጭ ሚስዮን በሚመጣ የአባት ደሞዝ ያደገ ልጅ ለአገር ያስባል ወይ የሚል ሰው እንዳለ ነገረችው። ስለ ቆንጅት ጠየቀችው፤ የመንግሥት ሠራተኛ ናትና ራት ላይ ስለ ፓርቲው ምን ምን እንደሚነግራት። አንዲት ሴት ከመሀል ተነሥታ፣ ልጅ ያልወለዱት በምን ምክንያት ነው፣ ይህም ከኃላፊነት ስሜት ጋር ይያያዛል አለች። በፍቃዱ ጋሽ እምሩን አየ፤ ያስቆሟታል ብሎ። ዓይናቸውን ጨፍነዋል። በፍቃዱ ሐኪም ለእሱና ለቆንጅት የነገራቸውን በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ተናገረ፤ ሲጠየቅ እውነቱን ከመናገር ሌላ አያውቅማ። ከኋላ የሆነ ሰው አፉን በእጁ ይዞ ሲስቅ ሰማ።

የተናገረው እውነት ሁሉ ተመልሶ እሱን ሲመታው አየ። አክበረት ወረቀቷን ወደ ጎን አደረገች።

«ሰመረ ፒያሳ ካፌ ውስጥ ከገዢው ፓርቲ ሰው ጋር ተቀምጦ ታይቷል። ሄኖክ ይባላል። አንተም በዚያው ሰዓት ከካፌው ስትወጣ ታይተሃል። ሰውየውን ታውቀዋለህ?»

እውነተኛው መልስ አጭር ነበር። አውቀዋለሁ፣ ያገናኘሁት እኔ ነኝ፣ አንዲት በሽተኛ እናት ደረጃ መውጣት ስላልቻሉ ነው። ሰመረ ከሦስተኛው ረድፍ አገጩን ቀስ አድርጎ ነቀነቀለት፤ ንገራቸው እና እንገላገል እንደማለት። በፍቃዱ ግን ሳቁን አሰበ። ይህን ቢል ደግሞ የሚቀጥለውን ሳቅ፣ ከግድግዳው የሚወርደውን ፖስተር አሰበ።

«አላውቀውም» አለ።

«ማን ነው ያገናኛቸው?»

«እኔ እንጃ። እኔ ማኪያቶ ጠጥቼ ነው የወጣሁት።»

ማኪያቶው እውነት ነበር። በኋላ ሲያስበው ከውሸቱ ይልቅ ያቺ እውነት አቃጠለችው፤ ውሸቱን ደግፎ ያቆመው በእሷ ነበርና።

ጋሽ እምሩ ዓይናቸውን ገልጠው ወደ ሰመረ ዞሩ። ማን እንዳገናኘው ጠየቁት። ሰመረ ተነሣ። ለጥቂት ጊዜ በፍቃዱን ብቻ ነበር የሚያየው፤ ፊቱ ላይ ቁጣ አልነበረም፣ የሚያውቀውን ሰው በሕዝብ መሀል ፈልጎ እንዳጣ ሰው ነበር የሚመስለው።

«እናቴ ታማለች፤ ሰውየውን ያገኘሁት ለቤት ጉዳይ ነው» አለ። «ያገናኘኝ ሰው ካለ ራሱ ይናገር። እኔ ስም አልጠራም።»

«ድሮስ ከነሱ ምን ይጠበቃል» አለ አንድ ድምፅ። «እነሱ» የተባሉት እነማን እንደሆኑ ያልገባው ሰው አልነበረም። አብረውት ፓርቲውን የመሠረቱት ሰዎች ወለሉን ወለሉን አዩ። ማንም ተናጋሪውን አልገሠጸም።

ሰመረ እንዲሰናበት ድምፅ ተሰጠ። አክበረት ዕጩውም አባል ስለሆነ ድምፅ መስጠት እንዳለበት አስታወሰች። በፍቃዱ እጁን አወጣ። ሰመረ የአባልነት መታወቂያውን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ ሲወጣ አጠገቡ ሲደርስ ቆም አለ።

«እናቴ ሰላም በልልኝ ብላኛለች» አለውና ሄደ።

ከዚያ ለዕጩው ተጨበጨበለት።

ቆንጅት ወሬውን የሰማችው ከእሱ አይደለም። በማግስቱ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ምሳ እያቀረበች ጠየቀችው። ለሄኖክ ሲደውል እዚያው ሳሎን ውስጥ ነበረች፤ የተባባሉትን ሁሉ ሰምታለች። እሱ ሁኔታውን፣ ሳቁን፣ ስለ ልጅ የተጠየቀውን ነገራት። እሷ ይህንንም ሰምታለች፤ ሐኪሙ ያለው ስለ እሷ ማኅፀን ነበርና አሁን ግማሽ ፒያሳ ያውቀዋል።

«ሽጉጥ ደቅነውብህ ነበር?» አለችው።

«አይ።»

«ታዲያ ምንድን ነው የደቀኑብህ?»

በፍቃዱ እንጀራውን ቆረሰ። እሷም ደግማ አልጠየቀችም። ከዚያን ቀን ጀምሮ ታበስልለታለች፣ ሸሚዙን ትተኩስለታለች፤ የምታወራው ግን ስለ ውሃና ስለ መብራት ብቻ ሆነ።

ሰኞ ወደ ወርቅ ቤቱ ሄደ። ሰመረ ለአንዲት ሙሽራ ቀለበት እየለካ ነበር። እሷን ሸኝቶ መስታወቱን ጠረገና ቀና አለ።

«ምን ልታዘዝ?» አለ። «ለባለቤትዎ ነው?»

በፍቃዱ መጀመሪያ ቀልድ መሰለው። አርባ ዓመት አንተ ሲለው የኖረ አፍ ነው። «ሰመረ፣ እባክህ፣ አንዴ ስማኝ» አለው በፍቃዱ። ሰመረም በዚያው ለደንበኛ በሚናገርበት ለስላሳ አማርኛ፣ ዛሬ ወርቅ እንደጨመረ፣ የማይቸኩሉ ከሆነ በሚቀጥለው ሳምንት ብቅ ቢሉ እንደሚሻል ነገረው። ሌላ ደንበኛ ገባ። በፍቃዱ መንገድ ለቀቀለት።

ከዚያ ቀጥታ ወደ ጋሽ እምሩ ቢሮ ወጣ። ደረጃውን ሲወጣ ልቡ ቀለል ብሎት ነበር፤ ሊናዘዝ ወስኗልና። ሽማግሌው ብቻቸውን ሻይ እየጠጡ አገኛቸው።

«ጋሽ እምሩ፣ ቅዳሜ ዋሽቻለሁ። ሄኖክን አውቀዋለሁ። ያገናኘኋቸው እኔ ነኝ።»

«አውቃለሁ» አሉ ጋሽ እምሩ። «ተቀመጥ።»

በፍቃዱ ቆሞ ቀረ።

«ሰመረ ሰውየውን ለማግኘት ከመሄዱ በፊት መጥቶ አስፈቅዶኛል። ማን እንዳገናኘውም ነግሮኛል። እኔም ሂድ፣ እናት አንድ ናት አልኩት።»

«ታዲያ ለምን አባረሩት?»

«ሰመረ ያላመነበትን አይሠራም። እንዲህ ያለ ሰው ለጓደኝነት ነው የሚሆነው።» ስኳሩን አማሰሉ። «አንተን ደግሞ ገና ስትገባ ፈርቼህ ነበር። መዋሸት የማይችል ሰው ምክር ቤት ልኬ ምን ሊሆነኝ ነው? አሁን እንዴት እንደምትዋሽ አይቻለሁ። የምትዋሽበትንም ዋጋ አይቻለሁ። ብዙ አይደለም።»

በፍቃዱ ከዕጩነት ራሱን እንደሚያገል ነገራቸው። ጋሽ እምሩ ይህን ማድረግ መብቱ እንደሆነ፣ ነገር ግን ምክንያቱን አክበረት ለጋዜጠኞች መግለጽ እንዳለባት፣ ትምህርት ቤቱም ቤተ ክርስቲያኑም መስማታቸው እንደማይቀር በዚያው ዝግ ባለ ድምፅ አስረዱት። ከዚያ ሻይ ቀዱለት። በፍቃዱ ቀስ ብሎ ተቀመጠ። ሻዩን ጠጣ። ሲወጣ ጋሽ እምሩ በሁለት እጃቸው ጨበጡት፤ ሱፉም እንደሚያምርበት ነገሩት።

የሄኖክ ስም በዚያ አዳራሽ ከተጠራ በኋላ ወሬው ቢሮው ድረስ ሄደ። የተቃዋሚ ሰው ያግዛል ተብሎ ተጠየቀ፤ ፈራ። የአደይ ለተኪዳንን ጉዳይ ተወው፣ በፍቃዱንም ቤተ ክርስቲያን ውስጥ በሌላ በር እየወጣ ይሸሸው ጀመር። የኪራይ ቤቱ ባለቤት ሰው በዛ ብለው ሰመረን ሲያስጨንቁት እናቱን ወደ አራተኛው ፎቅ ወሰዳቸው። ወንበር ላይ አስረው አራት ጎረምሶች ተሸክመው አወጧቸው። ከዚያ በኋላ አልወረዱም። በየወሩ ጊዮርጊስ ደጅ ሳይስሙ የማያልፉ ሴት፣ መስኮት ላይ ተቀምጠው ባዶ ሜዳና የሲሚንቶ ክምር ሲያዩ ይውሉ ነበር።

በፍቃዱ በበኩሉ ጎበዝ ሆነ። ስለ ፓርቲው የገቢ ምንጭ ሲጠየቅ ፈገግ ብሎ ስለ ሥራ አጥ ወጣቶች ይመልሳል። ስለ ቀድሞ አባልነቱ የሚጠይቅ ሲመጣ፣ ያኔ ከውስጥ ሆኖ ሊታገል እንደገባ ያስረዳል። አክበረት የጻፈችለት ነው፤ ጥቂት ጊዜ ከተናገረው በኋላ ግን በእርግጥ የሆነ መሰለው። ከፎቶው ሥር «ቃሉን የሚጠብቅ» የሚል ታተመ።

ምርጫው ሊደርስ ሲል አደይ ለተኪዳን አረፉ። ቆንጅት ወሬውን እንደሰማች ነጠላዋን ለብሳ ሄደች፤ አብረን እንሂድ አላለችውም። እሱም ምን ፊት ይዞ እንደሚሄድ ሲያስብ ውሎ አደረ። በማግስቱ አክበረት ደወለች። የዶሮ ማነቂያ ሰው ከተበተነ ወዲህ እንዲህ ያለ ለቅሶ ላይ ካልሆነ አንድ ላይ እንደማይገኝ፣ የድሮው ሰፈር መራጭ ሁሉ እዚያ እንዳለ፣ ጋሽ እምሩም ሳይሄድ እንዳይቀር እንዳዘዙ ነገረችው። መኪና ተላከለት፤ አክበረትም ውስጡ ነበረች። ከኋላ የእሱ ፎቶ የተለጠፈበት የታሸገ ውሃ በካርቶን ተጭኗል።

ድንኳኑ ከፎቁ ሥር ነበር። ልጆች ካርቶኖቹን አውርደው መሀል ላይ ደረደሯቸው። ሐዘንተኛው የበፍቃዱን ፊት እየጨበጠ ውሃ ይጠጣ ጀመር። ሰመረ ተነሥቶ ተቀበለው። እንደ ወጉ ጎንበስ ብሎ «እግዜር ይስጥልኝ» አለው፤ ከፊት ወንበር ሰጠው፤ ሻይ አስመጣለት። በፍቃዱ እጁን ጠበቅ አድርጎ ሲይዘው የሰመረ እጅ እንደተዘረጋ ቆየ፤ አልጨበጠም፣ አልሸሸም።

አጠገቡ አባባ ወልደሥላሴ የሚባሉ የሰፈሩ አዛውንት ተቀምጠው ነበር። ልጆቹ አብረው ሲያድጉ ያውቋቸዋል፤ ስለ ተፈጠረው ነገር ግን በቅጡ አልሰሙም። ደስ ብሏቸው ትከሻውን መታ መታ አደረጉት። አደይ እንዴት በወንበር ታስረው እንደወጡ፣ ያን ዕለት በጉዞው ሁሉ ዓይናቸውን ጨፍነው ጊዮርጊስን ይጠሩ እንደነበር ነገሩት። ኦክስጅን የያዘ አምቡላንስ መጥቶ እንደነበር፣ ግን በደረጃው አውርደው እስኪያደርሷቸው ነፍሳቸው ሁለተኛው ፎቅ ላይ እንደወጣች ነገሩት።

«ቤቷ ሊቀየርላት ነበር አሉ» አሉት። «አንድ ሰው ጀምሮላት ነበር። እናንተ ስብሰባ ላይ ነው አሉ ስሙን ጠርተው ያስፈራሩት። ማን ነው ልጄ እንዲህ ያደረገው? አንተ ሳታውቅ አትቀርም።»

ከሴቶቹ በኩል ቆንጅት ቀና ብላ አየችው። ሰመረ ሻይ የያዘውን ትሪ እንደያዘ ቆሟል። ሁለቱም እየጠበቁ ነበር፤ በፍቃዱም እየጠበቁ እንደሆነ አወቀ። አፉን ሲከፍት እውነቱን ሊናገር ይሁን አይሁን ራሱም እርግጠኛ አልነበረም።

«እናጣራለን፣ አባባ» አለ። ድምፁ አልተንቀጠቀጠም። «እንዲህ ያለ ነገር ካለ ተጠያቂ እናደርጋለን።»

ሽማግሌው ተባረክ አሉት። ቆንጅት ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳብ አደረገችና ዞረች። ሰመረ ትሪውን አስቀምጦ ወደ በፍቃዱ ጎንበስ አለ።

«ሻይዎ ቀዘቀዘ» አለው። «ጠጥተው ይሂዱ።»

ጠጣው። ሲነሣ ወደ ሴቶቹ በኩል ሄዶ ቆንጅትን ቤት ላድርስሽ አላት። ሠልስቱ እስኪወጣ እዚህ እንደምትሆን፣ ከዚያም እህቷ ዘንድ እንደምትሄድ፣ ልብሷን እህቷ መጥታ እንደምትወስድ ነገረችው። ይህን ሁሉ ስትል ለሌላው ሰው እንዳይሰማ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ነበር፤ የለቅሶ ቤት ነውና።

መኪናው ውስጥ አክበረት ስልኳ ላይ ያነሣቻቸውን ፎቶዎች እያገላበጠች ነበር። ሽማግሌው ትከሻውን ሲመቱት የሚያሳየውን መረጠች። ጥሩ እንደነበር፣ «እናጣራለን» ያለውም በጣም እንደተዋጣለት ነገረችው። ነገ ደግሞ ሌላ የድሮ ዶሮ ማነቂያ ሰው ቀብር እንዳለ ጨመረች።

በፍቃዱ በመስኮቱ ወደ አራተኛው ፎቅ ሲያይ ቆየ። መኪናው ተነሣ፤ ፎቁ ከሌሎቹ ፎቆች ተደባለቀ።

«በስንት ሰዓት ነው?» አላት።